የመምህር ዘነበ ፒፓ እንዴት እንደተሟሸች

ወለተማርያም ትምባሆ ትጠላለች። ትጠላለች ስላችሁ አፍንጫዋን ይዛ የምታልፍ ዓይነት እንዳትመስላችሁ፤ ከአንጀቷ ነው የምትጠላው። በአርባ አንድ ዓመት ትዳሯ ለባሏ አንዲት የክብሪት እንጨት አቀብላ አታውቅም። «እጄን አላረክስም» ትላለች፣ በቃ፣ ክርክር የለም። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ቂርቆስ ከተከራዩበት ግቢ ጓሮ፣ ከውሃ ሮቶ ጀርባ ጃንጥላ ዘርግታ ፒፓ ስትስብ የተገኘችው። ጉድ በሉ! ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ባሏ ዘነበ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የምትመለከት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻቸው። ዘነበ ቀን ቀን ቁጥብ ሰው ነው። ቢጠይቁት ይመልሳል፣ ካልጠየቁት ጋዜጣውን ያነባል። ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ግን ወንበሩን ደጃፍ ያወጣና ፒፓውን ይሞላል። ያን ጊዜ አፉ ይፈታል። መንገድ ላይ ያገኘው የድሮ ተማሪ ያለውን፣ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚቀርበትን ምክንያት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የተጣላበትን አጥር፣ ሁሉንም በየተራ ያወጣዋል። ወለተማርያም ጭሱ በማይደርስበት በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «ኤጭ! ጭስህን ወዲያ በለው!» ትላለች። ወዲያው ደግሞ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ፒፓዋ ስትጠፋ ወሬውም ያበቃል፣ እራት ይቀርባል። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት።

ታኅሣሥ ላይ ሰፈሩ ለመንገድ ሥራ ተነሣ። እነሱም እንደ ሰዉ ሁሉ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቂርቆስ ሁለት ክፍል ተከራዩ። የወጡ ዕለት ዕቃው ኢሱዙ ላይ ተጭኖ አልቆ፣ ዘነበም ከሾፌሩ አጠገብ ገብቶ ተቀምጦ፣ ወለተማርያም የተረሳ ነገር እንዳለ ለማየት ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቤት ተመለሰች። ቤቱ ባዶ ነው። መስኮቱ ደፍ ላይ ግን ፒፓዋ ተጋድማለች። ወለተማርያም ቆማ አየቻት። ልታነሣት እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ መለሰችው። «አንቺ እዚሁ ቅሪ፤ እኔም እፎይ ልበል፣ የሱም ሳንባ ይትረፍ» አለቻትና በሩን ዘግታ ወጣች። በማግስቱ ቤቱ ፈረሰ። ዘነበ ኪሱን ሲዳብስ ጊዜ «ዕቃ ሲጫን ወድቃ ይሆናል» አለችው። ይኼ እንግዲህ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ሳምንት ይቆጣል፣ ሁለት ሳምንት ያኮርፋል፣ ከዚያ ይረሳዋል ብላ ነበር ያሰበችው። ዘነበ አልተቆጣም። ዝም አለ። «እሺ»፣ «ይሁን»፣ «ጠገብኩ»፣ «ደህና እደሪ»። ከነዚህ ሌላ ቃል ከአፉ የሚወጣው ለአከራይዋ ሰላምታ ሲመልስ ብቻ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኮፍያውን አድርጎ ይወጣል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይገባል፤ የት ዋልክ ስትለው «ካዛንቺስ» ይላል፣ አለቀ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፣ ያየዋል ግን አያየውም። እሷ ታወራለች። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ አከራይዋ፣ ስለ መብራት መጥፋት ታወራለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ሐዋሳ ነርስ ሆና የምትሠራው ልጃቸው ልደት በየቀኑ አመሻሽ ላይ እየደወለች «እማዬ፣ አባዬ የሰፈር ናፍቆት ነው የያዘው፣ አይዞሽ ይለምዳል» ትላታለች። ወለተማርያም «ይሆናል» ትላለች። ልቧ ግን ያውቀዋል፤ ሌሊት ስትገላበጥ የሚታያት ያ የመስኮት ደፍ ነው።

ስድስት ወር እንዲህ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን «አሁንስ በቃኝ!» አለችና ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ወረደች። እዚያ፣ በጋራዦቹ መሐል፣ ደቻሳ የሚባል እንጨት በቶርኖ የሚሠራ ሰው አለ። የወንበር እግር፣ የአልጋ ራስጌ፣ የበር እጀታ ይሠራል። ድሮ የዘነበ ተማሪ ነበር፤ በጂኦግራፊ ወድቋል፣ ቂም ግን አልያዘም። ወለተማርያም የምትፈልገውን ነገረችው። ደቻሳ ከጣሪያው ሥር አንድ የቆየ የወይራ ጉማጅ አውርዶ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገና «ለመምህርማ ከዚህ ነው የምሠራላቸው» አለ። በአራተኛው ቀን አደረሰላት። መምጠጫዋ ከበሬ ቀንድ የተሠራ፣ ሆዷ ክብ፣ መልኳ ማር የመሰለ፣ ጠላትም ቢያያት የሚያምራት ፒፓ ሆናለች።

ሰኔ ሚካኤል ዕለት ሰጠችው። ዘነበ አገላብጦ አያት፤ አውራ ጣቱን ሆዷ ላይ አሸት አሸት አደረገ። «ማን ሠራት?» አለ። ሁለት ቃል! ወለተማርያም እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከኮቱ ኪስ የተረፈችውን የትምባሆ ቆርቆሮ አወጣ፣ ሞላ፣ ለኮሰ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ሳበ፣ አሳለው። ደግሞ ሳበ፣ ፒፓዋ ውስጧ ውሃ እንዳለ ሁሉ ተንኮራኮረች። ጠፋች። ለኮሳት፣ ጠፋች። አምስተኛውን ክብሪት ሲጭር ምላሱ ተቃጥሎ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ቀስ ብሎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጣትና «አመሰግናለሁ» አላት።

አመሰግናለሁ! በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ለሷ ተናግሮት የማያውቀው ቃል ነው። ለባንክ ቤት ሠራተኛ ነው እንዲህ የሚባለው። ወለተማርያም ጓዳ ገብታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ በማግስቱ ጠዋት ፒፓዋን በመሐረብ ጠቅልላ እየተቆጣች ደቻሳ በር ላይ ቆመች።

«ምን ዓይነት ነገር ነው የሠራህልኝ? ትመራለች፣ ታቃጥላለች፣ ትጠፋለች!»

«እትዬ፣ አልተሟሸችማ!» አለ ደቻሳ። «አዲስ እንጨት እኮ ናት። የድሮዋን መምህር በወጣትነታቸው አሟሽተዋት ነው፣ ረስተውት ነው እንጂ። መጀመሪያ...»

ወለተማርያም ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ማሟሸት! ይቺን ነገርማ ለሷ ነው የሚነግራት? ካዛንቺስ ውስጥ አዲስ ሸክላ ድስት የገዛች ሴት ሁሉ «እትዬ ወለተማርያም፣ እጅሽ ጥሩ ነው፣ አሟሺልኝ» እያለች የምታመጣው ወደ ማን ነበር? መሐረቧን ይዛ እየተጣደፈች ተመለሰች። ዘነበ ሲወጣ ጠብቃ ጎመን ዘር ቆላች፣ ወቀጠች፣ ቅባቱ እስኪወጣ አሸችው። የፒፓዋን ሆድ ከውስጥ ከውጭ ጥግብ አድርጋ ቀባችና ከሰል ላይ አዘቀዘቀቻት። መጀመሪያ ጢስ ወጣ። ቀጥሎ ያረረ ወጥ የሚመስል ሽታ ግቢውን ሞላው። አከራይዋ «ምንድነው የሚቃጠለው?» ብላ ስትጮህ ወለተማርያም ፒፓዋን በመቆንጠጫ አነሣቻት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ አንድ ወገኗ ከሰል ሆኗል።

ደቻሳ ተቀብሎ አሸተታት። ወለተማርያምን አየ፣ ፒፓዋን አየ፣ ደግሞ አሸተተ። «ጎመን ዘር?» አለ። ራሷን ስትነቀንቅ የእንጨት ብናኝ ክምሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «ወይ እትዬ! ሽሮ ሊሠሩባት ነው?»

«አትሳቅብኝ አንተ! ማሟሸት አላልክም?»

«ብያለሁ። ግን ይቺ በዘይት አትሟሽም። በሰው ትንፋሽ ነው የምትሟሸው።» ተነሥቶ የፒፓዋን የተቃጠለ ከንፈር በቶርኖው ከርክሞ ጣለላት፣ ውስጧንም ፍቆ አጸዳላት፤ ቁመቷ በአንድ ጣት አጠረ። እየሠራ ነገራት። የሆዷን ሲሶ ያህል ብቻ ትምባሆ ማድረግ፣ ቀስ እያሉ እስከ ታች ማጨስ፣ ሳትቀዘቅዝ አለመንካት። አመዱን ማራገፍ፣ ግን ፈጽሞ አለማጠብ። አሥራ አምስት፣ ሃያ ጊዜ እንዲህ ከተደረገ ውስጧ ስስ የከሰል ቅርፊት ያበጃል፤ ከዚያ ወዲያ እንጨቱ አይቃጠልም፣ ጭሱም አይመርም።

«ማን ያጭሳት ታዲያ?»

«መምህር ናቸዋ።»

«እሱ አንዴ ካስቀመጠ አስቀመጠ ነው፣ አያነሣትም። አንተስ?»

ደቻሳ ደረቱን መታ መታ አደረገ። «ይኼ ብናኝ ጨርሶታል። ሐኪም ጭስ እንዳላሸት ብሎኛል። ሌላ የሚያጨስ ሰው ይፈልጉላት።»

ወለተማርያም ቤቷ እስክትደርስ ድረስ በሐሳቧ ሰው ፈለገች። በአዲሱ ሰፈር ማንንም አታውቅም። የድሮዎቹ ጎረቤቶች አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ተበትነዋል። ደግሞስ የባሏን ፒፓ የማታውቀው ሰው አፍ ውስጥ ልትከት? አይደረግማ! ቂርቆስ ስትደርስ አንድ አፍ ብቻ ቀርቷታል፤ የራሷ።

ሥራ ከሆነ እንደ ሥራ ነው የምትይዘው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ አምስት ነው፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ አንድ። በመሐል ያለው ጊዜ የሷ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ። በጾም ቀን ትምባሆ? እግዜር ያሳያችሁ! ሜክሲኮ አደባባይ ወርዳ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ የፒፓ ትምባሆ ገዛች። ባለሱቁ «ለማን ነው እማማ?» ቢላት «አንተ ሽጥ!» አለችው።

ሐምሌ ስድስት፣ ዘነበ ከግቢ እንደወጣ፣ ከሮቶው ጀርባ ገባች። ክብሪቱን ከመጫሯ በፊት ልታማትብ እጇን አነሣች። ለዚህ ነገርማ አማትቦ መጀመር ድፍረት ነው ብላ ተወችው፤ ስትጨርስ አማተበች። የመጀመሪያው ቀን ራሷን አዞራት፣ ሮቶውን አቅፋ ቆመች። ሁለተኛው ቀን አስመለሳት። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ገባት። ቸኩለው ከሳቡ ትናከሳለች፣ ችላ ካሏት ትጠፋለች፤ ልክ ለሰስ ባለ እሳት እንደሚበስል ሽሮ ነው፣ አጠገቡ ቆመው በየጊዜው ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚፈልገው። እሳቱ ሲደክም አውራ ጣቷን በፒፓዋ አፍ ላይ ከደን አድርጋ ሁለት ጊዜ ቀስ ብላ ትስባለች፤ ይመለሳል። በስድስተኛው ቀን መንኮራኮሩ ቆመ።

በስምንተኛው ቀን ሄኒ አየቻት። ሄኒ የግቢው ሌላ ተከራይ ናት፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ቢሮ የምትሠራ ወጣት ልጅ። አሟት ከሥራ ቀርታ ኖሮ በመስኮት ብቅ ስትል ጃንጥላ፣ ነጠላ፣ ጭስ።

«እማማ ወለተማርያም! ኧረ በናትዎ! ምንድነው እሱ?»

«ዝም በይ! እያሟሸሁ ነው።»

«ማለቴ... ፒፓ ነው እኮ!»

«እና ድስት አልኩሽ?»

ሄኒ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። «እሺ በቃ፣ አላየሁም። ግን ፎቶ ላንሣዎት? አንድ ብቻ! በጣም ነው ያማረብዎት!»

«ሞክሪያትና ስልክሽ ሮቶ ውስጥ ነው የሚገባው» አለቻት ወለተማርያም፤ እሷም ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ጭሱ በአፍንጫዋ ወጣ።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ የቂርቆስ በዓል ነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ ከዑራኤል ለበዓሉ የመጡትን የንስሐ አባቷን አባ ታዲዎስን ከዋርካው ሥር አገኘቻቸውና መስቀል ተሳልማ ዝቅ አለች። «አባቴ፣ ትምባሆ እያጨስኩ ነው» አለች።

አባ ታዲዎስ ሠላሳ ዓመት ያውቋታል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። «ደስ ይልሻል?»

«ኧረ ያቅለሸልሸኛል!»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ነገረቻቸው። የመስኮቱን ደፍ፣ «ወድቃ ይሆናል» ያለችውን፣ የዘነበን ዝምታ፣ ጎመን ዘሩን ሳይቀር ሁሉንም ዘረገፈችው። ጎመን ዘሩ ላይ ሲደርሱ አባ ታዲዎስ አሳላቸው፤ ሳቅም ሊሆን ይችላል።

«ስንት ቀረሽ?»

«ሰባት።»

«ስትጨርሺ ነይ። ቀኖና የሚሰጠው ለተወ ሰው ነው፣ ገና ለሚያጨስ አይደለም።» ቀና አደረጓትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ። «የጭሱስ ቀላል ነው፣ በስግደት ይወጣል። ውሸቱን ግን ለኔ ነግረሽ አትገላገይውም። ለባለቤቱ ንገሪው።»

ወለተማርያም ያን ዕለት እህል አልወረደላትም። ፒፓዋ ብትሟሽ ዘነበ ይናገራል። እውነቱን ስትነግረው ደግሞ መልሶ ዝም ቢልስ? ያን ጊዜ ምን ቀራት? ቢሆንም ሰባቱን ጨረሰች፣ አንድም አልዘለለችም።

ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዝናቡ አባራ። ወለተማርያም ወንበሩን በረንዳ ላይ አወጣች። ፒፓዋን ሞላች፣ ክብሪቱን አጠገቧ አስቀመጠች፣ ገብታም ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ዘነበ ቀና ብሎ አያት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሞክራት» አለችው። «አንድ ጊዜ። እምቢ ካለችህ እኔው ራሴ እጥልልሃለሁ።»

ዘነበ ወጥቶ ተቀመጠ። ፒፓዋን አይቶ «አጥራለች» አለ። ክብሪት ጫረ፣ ሳበ። ወለተማርያም በሩን ይዛ ቆማ ሳሉን ጠበቀች። አላሳለውም። ደግሞ ሳበ። ፒፓዋ ድምፅ የላትም፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ዘነበ ከአፉ አውጥቶ ውስጧን በአንድ ዓይኑ አየ፣ እንደገና አፉ ውስጥ መለሳት፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ደቻሳ ምን አድርጓት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ወለተማርያም።

በዚህ መሐል ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ልደት ናት፣ ሰዓቷ ነው። ዘነበ ብድግ አለና፣ እንዴት እንደሆነ እሱም ሳያስበው፣ ፒፓዋን ለሚስቱ ዘረጋላት። «ያዢልኝ፣ እንዳትጠፋ።» በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ያዢልኝ ብሏት አያውቅም፤ እንደማትይዝለት ያውቃላ።

ወለተማርያም ተቀበለችው። ከውስጥ «ሄሎ ልጄ» ሲል ይሰማታል። የምትነግረውን በልቧ ታሰላስላለች። ከየት ልጀምር? መስኮቱ ላይ ልበል? ይቅርታ ልበል መጀመሪያ? እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ የፒፓዋ እሳት ሲደክም አየች። እጇ ማንንም አልጠየቀም። አውራ ጣቷን ከደን አድርጋ ሁለት ጊዜ ቀስ ብላ ሳበች፣ ጭሱንም በከንፈሯ ጥግ ለቀቀችው።

ቀና ስትል ዘነበ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ከስልኩ ውስጥ ልደት «አባዬ? አባዬ፣ ትሰማኛለህ?» ትላለች።

«ልደት፣ ቆይ መልሼ ልደውልልሽ» አለ ዘነበ። «እናትሽ ፒፓ እያጨሰች ነው።»

ከዚያ ሳቀ። በሰባት ወር የመጀመሪያው ነው። ግድግዳውን ይዞ፣ ወደ ፊት ታጥፎ፣ ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። «አንቺ ነሻ!» ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። «ደቻሳ አይደለማ! አንቺ ነሻ ያሟሸሻት!» ወለተማርያም ግን አልሳቀችም። ፒፓዋን እንደያዘች እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

«ዘነበ፣ የድሮዋ ፒፓህ... ዕቃ ሲጫን አልወደቀችም።»

ሳቁ ቆመ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«መስኮቱ ላይ ነው የተውሻት» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ በመስኮቱ አየሁሽ እኮ። እጅሽን ዘረጋሽ፣ መለስሽው። እኔው ወርጄ ላነሣት እችል ነበር። ግን አንቺ እንድታነሺያት ጠበቅሁ። ከዚያ ደግሞ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ።»

«ሰባት ወር ሙሉ?»

«ሰባት ወር ሙሉ። እኔም ግትር ነኝ» አለ ዘነበ። «የፒፓዋ ነገር አይደለም ወለቴ። ዋሽተሽኝ አታውቂም ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።»

ወለተማርያም «ይቅር በለኝ» አለች። እሱም «አንቺም ይቅር በይኝ» አለ። ፒፓዋን መለሰችለት፤ እሳቷ አልጠፋችም ነበር። ከዚያ ገብታ በርጩማዋን አመጣች፣ ጭሱ በማይደርስበት በኩል አድርጋ ተቀመጠች።

ዘነበ ሁለት ጊዜ ሳበ፣ እግሩን አነባበረ።

«ጠዋት ጠዋት ካዛንቺስ ስሄድ የማየውን አልነገርኩሽም። የኛ ደጃፍ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ወንበሬን የማስቀምጥበት ልክ እዚያው ላይ፣ ምን እንዳቆሙበት ታውቂያለሽ?»

«ምን አቆሙበት?» አለች ወለተማርያም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ኤጭ! ጭስህን መጀመሪያ ወዲያ በለው! እሺ፣ ምን አቆሙበት?»